በበጋ መገባደጃ የሚያብቡ አበቦችና ያልጠበቅናቸው የጓሮ እንግዶች

ከአንዲት እናት ግንድ ቆርጬ የተከልኳቸው ሁለት የክሪሳንተመም ተክሎች አሉኝ። አንደኛዋ በጓሮው ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር ትገኛለች፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መብራት በማይጠፋበት በር አጠገብ ናት። አፈራቸው አንድ ነው፤ ውኃ የሚጠጡትም በአንድ ሰዓት ነው፤ ከእናታቸው የወረሱት ዘረመልም ሳይቀነስና ሳይጨመር በሁለቱም ውስጥ አለ። ሆኖም የበጋው ወራት ሊገባደድ ሲል የጥጓ ተክል ከላይ እስከ ታች በእምቡጥ ስትሸፈን፣ የበሯ ግን አንድም እምቡጥ ሳታወጣ ቅጠል በቅጠል ላይ መደረቧን ቀጠለች። መጀመሪያ ምግብ አንሷት ይሆናል ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩላት፤ ይበልጥ ለመለመች እንጂ አላበበችም። ነገሩ የገባኝ የበሩ አምፖል ተቃጥሎ ሳይቀየር ብዙ ሳምንታት ከቆየ በኋላ እርሷም እንደ እህቷ እምቡጥ መያዝ ስትጀምር ነው።

የጓሮ አትክልት የሚንከባከብ ሰው በበጋው ማለቂያ ላይ ድንገተኛ የሚመስሉ ብዙ ነገሮች ይገጥሙታል። ወራት ሙሉ ቅጠል ብቻ የነበረው ተክል በአንድ ሳምንት ውስጥ በአበባ ይሸፈናል፤ ባዶ ነው ተብሎ ከታለፈ መሬት ቅጠል የሌለው አበባ ብቅ ይላል፤ ማንም ያልዘራው ችግኝ በመደቡ መሃል ቆሞ ይገኛል፤ ነጭ ያብብ የነበረው ጽጌረዳ ቀይ አበባ ይዞ ይታያል። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ምክንያት ቢኖራቸውም አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ዓይናችን ባያቸው ቀን የተጀመሩ አይደሉም። ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመታት በፊት በቅጠል፣ በሥር ወይም በአፈር ውስጥ ተጀምረው እኛ ዘንድ የደረሱት ዘግይተው ነው። በዚህ ጽሑፍ በጋ ስል ቀኑ ከሌሊቱ የሚረዝምበትን ሞቃት ወቅት፣ ክረምት ስል ብርዳማውን፣ ጸደይ ስል ደግሞ ብርዱ አልፎ በጋው ሳይገባ ያለውን ወቅት ማለቴ ሲሆን፣ የበጋው መገባደጃ በሰሜኑ የምድር ክፍል በነሐሴና በመስከረም፣ በደቡቡ ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ላይ ይውላል።

ከሌሊቱ እንጀምር። ምድር 23.4 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር በበጋና በክረምት መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። በምድር ወገብ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ፈቅ አይልም። በሰሜን 45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ ጓሮ ግን በሰኔ አጋማሽ 15 ሰዓት ተኩል ያህል የቀን ብርሃን ያገኛል፤ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ቀንና ሌሊቱ እኩል ይሆናሉ፤ በዚያ ሰሞንም ሌሊቱ በየዕለቱ ከ3 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ለእኛ 3 ደቂቃ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለተክል ግን ከዚህ የበለጠ የሚታመን የቀን መቁጠሪያ የለም፤ ሙቀት ያታልላል፣ ዝናብም ይቀራል ወይም ያለጊዜው ይመጣል፣ የሌሊቱ ርዝመት ግን በዚያው ቦታ በዚያው ቀን ከዓመት ዓመት አይለወጥም።

ተክሎች ይህን ርዝመት እንደሚለኩ በግልጽ ያሳዩት በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ ናቸው። እጃቸው ላይ ሜሪላንድ ማሞዝ የተባለ የትምባሆ ዝርያ ነበር። ይህ ትምባሆ በበጋ ማሳ ላይ ከ3 ሜትር በላይ ይረዝምና ሳያብብ ብርዱ ይደርስበታል፤ በክረምት ግሪን ሃውስ ውስጥ ሲበቅል ግን ቁመቱ ገና አጭር ሳለ ያብባል። ሙቀቱም፣ ምግቡም፣ እርጥበቱም ምክንያቱን ሊያስረዱላቸው ስላልቻሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 በጋ ተክሎቹን ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ክፍል እያስገቡ በማግስቱ ጠዋት በማውጣት ቀኑን አሳጠሩባቸው። ትምባሆው በበጋ መሃል አበበ። በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እያከታተሉ በዘሩት አኩሪ አተር ላይም ተመሳሳይ ነገር አስተዋሉ፤ ቀድሞ የተዘራውና ዘግይቶ የተዘራው በዕድሜ ብዙ ቢለያዩም የሚያብቡት በተቀራረበ ጊዜ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1920 ሲያሳትሙ ክስተቱን ፎቶፔሪዮዲዝም ብለው ሰየሙት፤ ለቀን ርዝመት የሚሰጥ ምላሽ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ተክሎች በሦስት ይመደባሉ። ክሪሳንተመም፣ ፖይንሴቲያና ብዙዎቹ የኮስሞስ ዝርያዎች ቀኑ ሲያጥር የሚያብቡ ናቸው፤ ስፒናችና ሰላጣ ቀኑ ሲረዝም ወደ አበባ ይሄዳሉ፤ ቲማቲምና በየጊዜው የሚያብቡት ዘመናዊ ጽጌረዳዎች ደግሞ ለቀኑ ርዝመት ብዙም ደንታ የላቸውም። አጭር ቀንና ረጅም ቀን የሚሉት ስያሜዎች ግን በቶሎ ስለተለመዱ እንጂ ትክክለኛ ሆነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ካርል ሃምነርና ጄምስ ቦነር ዛንቲየም በተባለው፣ ፍሬው ልብስ ላይ በሚጣበቅ እሾሃማ አረም ላይ ያደረጉት ሙከራ ነገሩን ገለበጠው። ቀኑን ለአፍታ በጨለማ ቢያቋርጡት በአበባው ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ ረጅሙን ሌሊት በመሃሉ ለጥቂት ደቂቃ በብርሃን ሲያቋርጡት ግን አረሙ ሳያብብ ቀረ። ተክሉ ሲቆጥር የኖረው ቀኑን ሳይሆን ያልተቋረጠውን ጨለማ ነበር ማለት ነው። የእኔዋ የበር ክሪሳንተመም ሳታብብ የቀረችውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ እርሷ ባለችበት ቦታ ሌሊት የሚባል ነገር አልነበረም።

ቅጠሉ ብርሃን መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ፋይቶክሮም በሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሁለት መልክ አለው። ወደ 660 ናኖሜትር የሚጠጋ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ወደሚሠራው መልኩ ይቀየራል፤ 730 ናኖሜትር አካባቢ ያለውና ለዓይናችን ሊታይ ጥቂት የቀረው ሩቅ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ወደማይሠራው መልኩ ይመለሳል፤ በጨለማም ቀስ በቀስ ወደዚያው ያዘግማል። ፋይቶክሮም የሚናገረው ብርሃን አለ ወይም የለም የሚለውን ብቻ ሲሆን፣ ሰዓቱን የሚቆጥረው በተክሉ ሴሎች ውስጥ ያለና 24 ሰዓት ያህል የሚፈጅ ዑደት ያለው ውስጣዊ ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ማለትም ውስጣዊው ሰዓት አሁን ብርሃን ሊኖር ይገባ ነበር በሚልበት ሰዓት ላይ ጨለማ ሲሆን፣ ተክሉ ሌሊቱ መርዘሙን ይረዳል።

የሚያስደንቀው ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ሌሊቱን የሚለካው ቅጠል ሲሆን አበባውን የሚሠራው ግን የቅርንጫፉ ጫፍ ነው። መልእክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርሰው እንዴት ነው? ሚካኤል ቻይላኪያን የተባለው የሶቪየት ኅብረት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንድ ንጥረ ነገር ከቅጠል ተነሥቶ ወደ ጫፍ ይጓዛል ብሎ ፍሎሪጅን የሚል ስም ሰጠው፤ አበባ ፈጣሪ እንደ ማለት ነው። ስሙ ወጥቶለት ባለቤቱ ግን ለ70 ዓመታት ያህል ሳይገኝ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሩዝና አራቢዶፕሲስ በተባለች አነስተኛ ተክል ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ተጓዡ ነገር በቅጠል ተሠርቶ ስኳር በሚወርድበት ቧንቧ በኩል ወደ ጫፍ የሚሄድ ትንሽ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። ፕሮቲኑ ከደረሰ በኋላ ጫፉ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ አበባ መሥራት ይጀምራል፤ እምቡጡ ለዓይን እስኪታይና እስኪፈነዳ ድረስ ደግሞ እንደ ተክሉ ዓይነት ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ በመስከረም የምናየው የክሪሳንተመም አበባ የነሐሴ ሌሊቶች ውጤት ነው።

ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። አበባ አምራቾች ክሪሳንተመምን በፈለጉት ጊዜ ለማስያዝ በረጅሙ ቀን ጥቁር ጨርቅ ይጋርዱበታል፤ ሌሊቱ ሁልጊዜ ረጅም በሆነበት በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ተክሉ ገና ሳይጎለምስ እንዳያብብ በሌሊት መብራት ያበሩለታል። በቤቱ ፖይንሴቲያ ያለውና በዓመቱ እንደገና ቀይ ሆኖ ለማየት የሚፈልግ ሰው በየሌሊቱ 14 ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ጨለማ ለሁለት ወር ገደማ ሊያገኝለት ይገባል፤ ማታ ማታ መብራት የሚበራበት ሳሎን ለዚህ አይመችም። የመንገድ መብራት ወይም የደጃፍ አምፖል የሚያርፍበት ቦታ ላይ አጭር ቀን ወዳድ ተክል አለመትከል፣ ካልሆነም መብራቱን ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ማድረግ ለብዙ ያላበቡ ተክሎች ከማዳበሪያ የተሻለ መድኃኒት ነው።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ዘግይቶ የሚያብብ ሁሉ የሌሊቱን መርዘም የሚጠብቅ አይደለም። ሩድቤኪያና ሥጋማ ቅጠል ያለው ሰደም ለምሳሌ ረጅም ቀን ወዳዶች ናቸው፤ ምልክቱን የሚቀበሉት ቀኑ ረጅም በሆነበት ጊዜ ሲሆን፣ ብዙ ግንድና ብዙ እምቡጥ እስኪሠሩ ጊዜ ስለሚወስድባቸው ብቻ ዘግይተው ይታያሉ። የቲማቲም ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ቀኑ ከ32፣ ሌሊቱም ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሆንበት ሰሞን የአበባ ዱቄቱ ስለሚዳከም አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ግን ያው ተክል እንደ አዲስ ፍሬ መቋጠር ይጀምራል።

በዚህ ወቅት በአበቦቹ ላይ የሚገኙት እንግዶችም ከዚሁ የጊዜ ስሌት ጋር የተያያዙ ናቸው። በበጋው መገባደጃ ከአበባ ወደ አበባ የሚበሩት ጸጉራማ ትልልቅ የዱር ንቦች ቤተሰባቸው ሊበተን የተቃረበ ነው። አሮጊቷ ንግሥት፣ ሠራተኞቹና ድንጉላዎቹ ብርዱን አያልፉም፤ ክረምቱን ተደብቀው የሚያሳልፉት በዚህ ሰሞን የተፈለፈሉትና ከድንጉላ ጋር የተገናኙት ወጣት ንግሥቶች ብቻ ናቸው። እነርሱም ከመሬት ሥር ገብተው ለወራት ሳይበሉ የሚቆዩበትን ስብ የሚያከማቹት አሁን ከሚያገኙት የአበባ ወለላ ነው። አስተር፣ ሰደምና ነጠላ መልካበባ ያላቸው ዳሊያዎች በዚህ ጊዜ ዋጋቸው ከፍ የሚለው ስለዚህ ነው። መልካበባቸው የተደራረበው ዝርያዎች ለእኛ ዓይን ቢያምሩም ብዙዎቹ ወለላቸውና ዱቄታቸው ለንቧ የማይደረስ ወይም ጭራሽ የሌለ ነው፤ ስለዚህ ከሚተከሉት መካከል ጥቂቱ እንኳ ነጠላ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ማለዳ ፀሐይ ሳትሞቅ ወደ አበባ መደቡ የወረደ ሰው በአበባ ላይ ተለጥፎ የማይንቀሳቀስ ንብ ያያል። አንድ ቀን በዳሊያ ላይ ያየሁት ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር በጤዛ ጠብታ ተሸፍኖ፣ ስድስቱንም እግሮቹን በመልካበባው መሃል ሰክቶ ነበር፤ የሞተ መስሎኝ በሣር ዘለላ ስነካው አንድ እግሩን ብቻ ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገና መልሶ አሳረፈው። ድንጉላ ነበር። ድንጉላዎች ከቤታቸው አንዴ ከወጡ በኋላ ስለማይመለሱ የሚያድሩት ባገኙት አበባ ላይ ነው፤ ማለዳ ላይም ሰውነታቸው እስኪሞቅ መብረር አይችሉም። ጥቂት ቆይቶ የበረራ ጡንቻዎቹን እያንቀጠቀጠ ራሱን ማሞቅ ሲጀምር ጤዛው ከጀርባው ላይ ረገፈ፤ ከዚያ ተነሥቶ በረረ።

የሸረሪቶቹን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። በዚህ ሰሞን ድራቸው በየቁጥቋጦው ላይ በድንገት የበዛ ይመስላል። ሸረሪቶቹ ግን ከበጋው መጀመሪያ ጀምሮ እዚያው ነበሩ፤ ያን ጊዜ በጣም ትናንሽ ስለነበሩ አላየናቸውም፤ አሁን ለአቅመ ርቢ ስለደረሱ ድራቸውም ሰፋ፣ ጤዛውም አጉልቶ አሳየው።

ከባዶ መሬት ወደሚወጣው አበባ ልለፍ፤ ጓሮ ውስጥ ከሚያጋጥሙ ነገሮች ሁሉ ሰውን የበለጠ የሚያስደነግጠው እርሱ ይመስለኛል። ሊኮሪስ የተባለው ወገን ውስጥ ያለች አንዲት ተክል በጸደይ ቅጠሏን ብቻ ታወጣለች፤ ሞቃቱ ወቅት ሲገባ ቅጠሉ ደርቆ ይጠፋል፤ የማያውቅ ሰው ሞታለች ብሎ ቦታውን ሊቆፍር ይችላል። በበጋው መገባደጃ ግን ራቁቱን የሆነ ረጅም አገዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመዞ ይወጣና በጫፉ ላይ ሮዝ መለከት የመሰሉ አበቦችን ይይዛል። ይህን ያህል ፍጥነት የሚቻለው አበባው ከዚያ ቀደም ብሎ ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ራስ ባለው ክፍሏ ውስጥ ተሠርቶ ስለተቀመጠ ነው። በጸደይ ቅጠሉ ያዘጋጀው ስኳር እዚያ ተከማችቷል፤ አገዳው ሲወጣ በአብዛኛው የሚሠራው የተዘጋጁትን ሴሎች በውኃ ወጥሮ ማርዘም ነው። ዝናብ ባደረ ማግስት የሚፈላው እንጉዳይም በዚሁ መንገድ፣ አስቀድሞ ከአፈር ሥር በተሠራ ጥቃቅን አካል ላይ ውኃ እየሞላ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የእነዚህን ተክሎች ቅጠል በጸደይ ገና አረንጓዴ ሳለ ለጽዳት ብሎ መቁረጥ የበጋውን አበባ ከሥሩ መቁረጥ ነው።

ኮልቺከም የተባለውም እንዲሁ ያለ ቅጠል ያብባል፤ የእርሱ ግን ከዚህም ይረቅቃል። አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ዘር የሚቋጥርበት እንቁልጢ ከመሬት በታች ይቀራል፤ ክረምቱንም እዚያው ተከልሎ ያልፋል፤ በሚቀጥለው ጸደይ ቅጠሉ ሲወጣ ፍሬውን በመሃሉ ታቅፎ ይዞት ይመጣል። ተክሉ ከአበባው እስከ ሥሩ ኮልቺሲን የተባለ አደገኛ መርዝ አለበት፤ የጸደይ ቅጠሉም ከሚበሉ የዱር ሽንኩርት ዓይነቶች ጋር ስለሚምታታ ለምግብ ከሚለቀሙ ቅጠሎች አርቆ መትከል የግድ ነው።

ማንም ያልዘራውን ችግኝ በአማርኛ ወፍ ዘራሽ እንለዋለን፤ ስያሜው ውብ ቢሆንም ወፏ ሁልጊዜ ተጠያቂ አይደለችም። አብዛኛው ወፍ ዘራሽ የሚመጣው በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ከቆየ ዘር ነው። ዊልያም ቢል የተባሉት አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ዛሬ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ ውስጥ ከ20 በላይ የተክል ዓይነቶችን ዘር፣ ከእያንዳንዱ 50 ፍሬ፣ ከአሸዋ ጋር ደባልቀው በ20 ጠርሙስ ቀበሩ። ጠርሙሶቹ በየጊዜው አንድ አንድ እየተቆፈሩ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጠርሙስ ውስጥ ቨርባስከም የተባለው ባለቢጫ አበባ ተክል ዘር ከ141 ዓመታት በላይ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ በቀለ። የመጨረሻው ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2100 እንዲወጣ ታቅዷል። ሳይንቲስቶቹ ጠርሙሱን የሚያወጡት በሌሊት ነው፤ የቀን ብርሃን ካገኛቸው ዘሮቹ ከመቆጠራቸው በፊት ሊነቁ ይችላሉ።

ያ ብርሃን የሚያነቃቸው ቀደም ብለን ባየነው በዚያው ፋይቶክሮም በኩል ነው። ብዙ ጥቃቅን ዘሮች ቀይ ብርሃን ሲያገኙ ይበቅላሉ፤ ሩቅ ቀይ ሲያገኙ ይቆያሉ። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለራሱ አስቀርቶ ሩቅ ቀዩን ወደ ታች ስለሚያሳልፍ፣ በለመለመ ተክል ሥር ያለ ዘር በላዩ ሌላ ተክል እንዳለና ጊዜው እንዳልሆነ ያውቃል። በበጋው መገባደጃ ቀድመው ያበቡት ሲደርቁና ስንነቅላቸው፣ ወይም አፈሩን ስንገለብጥ፣ ቀዩ ብርሃን መሬት ይደርሳል፤ ዘሩም ይነሣል። የረሳነው አበባ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ መደብ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። በዚህ ሰሞን የወጣን ችግኝ ሁሉ አረም ነው ብሎ ከመንቀል በፊት እውነተኛ ቅጠሎቹን አውጥቶ ማንነቱ እስኪለይ አንድ ሁለት ሳምንት መታገሥ ያዋጣል።

ወፍ ዘራሹ ሲያብብ ደግሞ ሁለተኛ መደነቅ ይከተላል፤ እናቱን አይመስልም። የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ከሆነ፣ በዘር ማሸጊያው ላይ ኤፍ 1 ተብሎ የተጻፈበት ማለት ነው፣ ልጆቹ እንደሚለያዩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ግሪጎር ሜንዴል ሐምራዊና ነጭ አበባ ያላቸውን አተሮች ባዳቀለ ጊዜ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ፤ የእነርሱን ዘር ሲዘራ ግን ከ929 ተክሎች 705ቱ ሐምራዊ፣ 224ቱ ነጭ ሆኑ። ነጩ ጠፍቶ አልነበረም፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ተሸፍኖ አልፎ ብቅ አለ። ይህ በአንድ ባሕርይ ብቻ የታየ ነው። የጓሮ ዳሊያ ደግሞ እንደ አብዛኞቹ ተክሎች ሁለት ሳይሆን ስምንት የክሮሞሶም ስብስብ ስላለው፣ ከዘር የሚበቅሉ ልጆቹ በቀለም፣ በቁመትና በመልካበባ ብዛት እናታቸውን መድገማቸው የማይጠበቅ ነው። የወደድነውን ዳሊያ እንደነበረ ማቆየት የሚቻለው ድንች የመሰለውን ሥሩን ከግንዱ አንገት ጋር በመከፋፈል ወይም ቀንበጡን ቆርጦ በማብቀል ብቻ ነው። እኔ ከዘር የወጡትንም ቢያንስ አንድ ጊዜ እስኪያብቡ አልነቅላቸውም።

ነጩ ጽጌረዳ ቀይ ሆነ የሚለው አቤቱታ ግን ከዘር ጋር ግንኙነት የለውም። ለሽያጭ የሚቀርቡ ብዙ ጽጌረዳዎች በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠሉ ናቸው። ከላይ ያለው በብርድ፣ በበሽታ ወይም በከባድ ቆረጣ ሲዳከም፣ ሥሩ የራሱን ቀንበጥ ከታች ያወጣል፤ ቀንበጡም ስለሚበረታ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ የተቀጠለውን ሸፍኖ ያስቀረዋል። መለያው ቀላል ነው፤ እንግዳው ቀንበጥ የሚነሣው ከግንዱ ግርጌ ካለው እብጠት በታች ሲሆን፣ የቅጠሉ መልክና የእሾሁ አደራደርም ከላይኛው ይለያል። ከመሬት ልክ ቢቆረጥ ተመልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከተነሣበት ቦታ ገንጥሎ ማውጣት ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ለውጡ የሚመጣው ከመሃል ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ እምቡጥ ሴሎች ዘረመል ውስጥ የተከሰተ ለውጥ ወደ ቅርንጫፉ ሁሉ ተላልፏል ማለት ነው። ስንወዳቸው የኖርናቸው በርካታ የጽጌረዳና የክሪሳንተመም ዝርያዎች የተገኙት አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ አይቶ፣ ቆርጦ ስላበቀለው ነው።

በመጨረሻው ያልተጠበቀ ነገር ግን ደስ ባይለን ይሻላል። በጸደይ ብቻ የሚያብብ የፖም፣ የፕለም ወይም የቼሪ ዛፍ በበጋው መገባደጃ ጥቂት አበባ ቢያወጣ ብዙ ሰው ዛፉ ተመችቶት ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱ ተቃራኒው ነው። የእነዚህ ዛፎች የአበባ እምቡጥ የሚሠራው ከጸደዩ አስቀድሞ ባለው በጋ ሲሆን፣ ከተሠራ በኋላ እንዳይፈነዳ የሚገታው በመጀመሪያ ከዛፉ ቅጠሎች የሚመጣ ምልክት ነው። ድርቅ፣ የቅጠል በሽታ ወይም ተባይ ቅጠሉን ቀድሞ ካረገፈው ገቺው ይነሣል፤ ከዚያ ጥሩ ዝናብና ሞቃት ሳምንት ሲመጣ እምቡጡ ያለጊዜው ይፈነዳል። ያ አበባ ፍሬውን ለማድረስ ጊዜ የለውም፤ በሚቀጥለው ጸደይም በዚያ ቦታ አበባ አይኖርም። ለዛፉ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ አይደለም፤ ማዳበሪያ ለብርድ የማይጸና ለጋ ቀንበጥ ያስወጣበታል። የረገፈውን የታመመ ቅጠል ጠርጎ ማንሣት፣ ሥሩን በገለባ መሸፈን፣ ዝናብ ሲጠፋም በጥልቀት ማጠጣት ይበቃዋል።

በዚህ ሰሞን መቀስ ይዞ ወደ ጓሮ ለሚወጣ ሰው የትኛውን መቁረጥ እንዳለበት ከዚሁ መረዳት ይቻላል። የኮስሞስ፣ የዳሊያና የመሳሰሉት የጠወለገ አበባ ዘር ሳይቋጥር ቢቆረጥ ተክሉ አቅሙን ለዘር ከማዋል ይልቅ ሌላ አበባ ይሠራል፤ ይህን እስከ መጨረሻው መቀጠል ይቻላል። በጸደይ የሚያብቡት ቁጥቋጦዎች ላይ ግን መቀስ ባያርፍ መልካም ነው። ሊላክ ካለ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ወፈር ካሉት እምቡጦች አንዱን ብቻ ቀጥፎ በስለት ለሁለት መክፈል ይቻላል። አረንጓዴዎቹ ቅርፊቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይታያሉ፤ በመሃላቸውም በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ፣ በጥቃቅን አረንጓዴ ጉብታዎች የተሞላ ዘለላ አለ። እያንዳንዱ ጉብታ የመጪው ጸደይ አንድ የሊላክ አበባ ነው።